ከሻሹ ስር የነበረው እብጠት

በዓለም ከተማ ገበያ ሪሐናን ተቀምጣ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ሌሎቹ ሴቶች ማዳበሪያቸውን ዘርግተው፣ በርጩማቸውን ስበው ሲያርፉ እሷ ቆማ ትሸጣለች። ገዢ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ የሌላውን ዋጋ ልትሰማ ትዞራለች። የምትነግደው ማሾና ቀይ ሽንኩርት ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዳ ከገበሬው ማሳ ላይ ትገዛለች፤ በአይሱዙ አስጭና ዳገቱን ታወጣለች፤ ለአዲስ አበባ ነጋዴ አስረክባ በማግስቱ መልሳ ትወርዳለች። ባሏ ጀላሉ ልብስ ሰፊ ነው። ጠዋት የስፌት መኪናው ጋ ከተቀመጠ ለሶላት ካልሆነ አይነሳም። ሁለቱም አንዱ በሌላው ይገረማሉ እንጂ ተጣልተውበት አያውቁም።

እብጠቱን መጀመሪያ ያገኘችው ጠጄ ናት። ጠጄ ከሪሐና ጋር በአንድ አጥር የምትዋሰን፣ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ናት። ሪሐና በወር አንድ ጊዜ ጠጄ ፊት ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ያኔ ብቻ ነው ሰውነቷ እረፍት የሚያገኘው። እየተሠራች ወሬው ይቀዳል፤ የገበያው፣ የልጆቹ፣ የጎረቤቱ። አንድ ቀን የጠጄ ጣት አናቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

ሪሐና እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው። ሽንብራ የምታህል ጠጠር ያለች ነገር ናት። ስትጫናት አታምም። ብጉር ይሆናል ብላ ወሬዋን ቀጠለች፤ ጠጄም እብጠቱን ዞራ ሹሩባውን ጨረሰች።

በሚቀጥለው ወር ሽንብራዋ ባቄላ አክላ ነበር። ከዚያ እያደር ሰፋች፤ ከጎኗም ሌላ ወጣ። ዓመት ሲሞላ አናቷ ላይ ከፍ ዝቅ ያለ ጉብታ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ተከፍቶ እርጥብ ነገር ያወጣ ጀመር። ጠጄ ሐኪም ካላየው ከእንግዲህ አልሠራሽም አለቻት።

ሪሐና ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ያያት ባለሙያ መግል የቋጠረ እባጭ ነው ብሎ ቀደደላት፤ አጠበላት፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጣት። ቁስሉ ደረቀ። ሪሐናም ተደስታ ወደ ሸለቆዋ ወረደች። ሳይቆይ ግን ከተቀደደው ጎን ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ቀጥሎም ሌላ። ክሊኒኩ በሌላ ዓይነት መድኃኒት ሞከረ፤ እሱም ያንኑ ያህል አገለገለ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የቆዳ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ብሎ የረጅም ጊዜ ክኒን አስጀመራት። ሐኪሙ የተሳሳተ ነገር አላሰበም፤ እንዲህ እየቆየ የሚያዥ ቁስል ሲያይ ማንም መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ሪሐና አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል ክኒኑን ጨረሰች። እብጠቱ ከመጤፍም አልቆጠረው።

ሽታውን ያወቀችው በዚያ ሰሞን ነው። ሻሿን ስትፈታ ሸተታት። ከዚያ ወዲህ ሪሐና ሌላ ሰው ሆነች። ድሮም የማትቀመጥ ሴት ናት፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የምትሮጠው ለሥራዋ ነበር። አሁን ማንም አጠገቧ እንዳይቆይ ትሮጥ ጀመር። ገበያ ውስጥ ቦታዋን ትታ ነፋስ ወደሚመታው ዳር ወጣች። ሻሿን በሁለት ሻሽ ደረበችው፤ ሽቶ አርከፈከፈችበት። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ካዞረ የሸተተው ይመስላትና ከመድረሻዋ በፊት ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ጠዋትና ማታ ጨው በተበጠበጠ ለብ ያለ ውሃ ታጥበዋለች። ለጠጄ ፀጉሬን አሳጥሬዋለሁ፣ ሹሩባ አያስፈልገኝም አለቻት። የጠጄ ልጅ ስትዳር ሰርጉ ላይ አልተገኘችም፤ ሸለቆ ወርጄ ነበር አለች። አልወረደችም፤ ቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው የዋለችው።

ጀላሉ ሚስቱ ራሷ ላይ እባጭ እንዳለባት ያውቃል። እንዴት ሆነ ሲላት እየዳነ ነው ትለዋለች። ልይልሽ ሲላት ወላሂ ምንም የለውም፣ ብርድ ታስገባበታለህ ብላ ትሸሻለች። ሻሿን አስራ ትተኛለች። እሱም ሴት ልጅ አልፈልግም ካለች አትነዘነዝም ብሎ ተወው። በኋላ ራሱን የወቀሰበት ነገር ይኸው ነው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታይ ሪፈር ተጻፈላት። የተጻፈላት ሰሞን ግን መንገድ ተዘጋ። ሪሐና ሻንጣዋን አዘጋጅታ በየጠዋቱ መናኸሪያ ትሄዳለች፤ ዛሬም መኪና የለም ይሏታል፤ ተመልሳ ልብሷን ታወጣለች፤ ሲነጋ መልሳ ታስገባለች። ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ቁልቁል ወደሚታይበት አፋፍ ትወጣና በአዲስ አበባው መንገድ፣ ከለሚ ወገን አቧራ ይነሳ እንደሆነ ታያለች። እዚያም አትቆይም፤ ደግሞ ወደ ቤት። በውስጧ ካንሰር ነው ብላ ጨርሳለች። ለማንም አልነገረችም። ልጆቿን ስታይ ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ታቅፋቸዋለች። ጀላሉ ጨርቅ እየቀደደ በዓይኑ ይከተላታል።

መንገዱ ሲከፈት ጀላሉ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ አብሯት ሄደ። አዲስ አበባ ኮልፌ እህቱ ቤት አረፉ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ወጣት ሐኪም ከእብጠቱ ጫፍ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ ላከው። ውጤቱን ጠብቁ ተባሉ። ሪሐና የሰው ቤት ነው ሳትል የእህቱን ግቢ በቀን ስንቴ ትጠርገው እንደነበር የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር የለም፣ የሳንባ ነቀርሳ ምልክትም የለም፣ የቆየ የቁስል መቆጣት ብቻ ነው የሚታየው ይላል። ጀላሉ አልሐምዱሊላህ ብሎ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሪሐና ግን፣

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።

ስም ያለውን በሽታ ስትፈራ ቢያንስ የምትፈራውን ታውቅ ነበር። አሁን ያም ቀረ። ወጣቱ ሐኪም ግን አላሰናበታትም፤ ሌላ የቆዳ ሐኪም ብታይሽ ይሻላል ብሎ ወደ ዶክተር እስከዳር መራት።

ዶክተር እስከዳር ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሪሐና ሻሿን ከአናቷ ላይ ብቻ ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ሙሉውን ፍቺው አሏት። ጀላሉን አየችው፣ ከዚያ በሩን አየችው፣ በመጨረሻ ፈታችው። ጀላሉ የሚስቱን ራስ ከዓመታት በኋላ ያየው ያን ጊዜ ነው። ፀጉር የሌለው፣ ያበጠ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ። ተቀብሎ የያዘላትን ሻሽ አጥብቆ ጨበጠው።

ዶክተሯ በጓንት ዳር ዳሩን ጫን ጫን አደረጉት። ጥቂት ንጹህ ውሃ ከመሰለ ነገር በቀር የወጣ የለም።

«ይህን ያህል የቆየ ቁስል እንዲህ ንጹህ ሆኖ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ሌላ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ጠየቋት። መግል ነው አለች። መግል ብቻ ነው ወይ፣ ፍሬ ነገር፣ አሸዋ የመሰለ ነገር የለውም ወይ አሏት። ጀላሉ ወደ ሪሐና ዞረ።

«ጥቁር ነገር አለው» አለች ቀስ ብላ። «ጥቁር አዝሙድ የመሰለ፣ ከዚያ ያነሰ። የማሾ አቧራ የገባበት መስሎኝ አጥበዋለሁ።»

«መቼ መቼ?»

«ሁልጊዜ። ወደ ሐኪም ስመጣ ደግሞ በደንብ አድርጌ። ዛሬም አጥቤው ነው የመጣሁት።»

ዶክተሯ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። አልተቆጧትም። ክሊኒኩም፣ ሌላው ሐኪምም፣ ወጣቱም ያዩት እሷ አጥባ ያቀረበችውን ነበር፤ ምናልባት በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገረው ግን ያ የምትደፋው ጥቁር ነገር ነው ብለው አስረዷት። ነገ ሳታጥበው፣ እንዳደረ እንድትመጣ ለመኗት።

«ሽታ አለው እኮ» አለች ሪሐና። ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይኑረው» አሉ ዶክተር እስከዳር።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ጀላሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አጠገቤ እየተኛሽ እንዴት ሳትነግሪኝ ቀረሽ አላት። ብትሸሸኝስ ብዬ ነው አለችው፤ ፊቷን አላዞረችም።

«እኔ ነኝ የምሸሸው?» አለ ጀላሉ። «ከወንበሬ እንኳ የማልነሳ ሰው የት እሄዳለሁ?»

ሪሐና መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ አመለጣት። ከሳቁ በኋላ እዚያው ቆማ ብዙ አለቀሰች።

ሪሐና በማግስቱ ጠዋት የገጠማትን ያህል ከባድ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ሥራውም አለማጠብ ነው። ለሶላቱ ትጥበት፣ ለውዱእ እንኳ የራሷን የፊት ጫፍ ብቻ አብሳ ተወች። ጨዉን ከጓዳ አውጥታ መልሳ አስቀመጠችው። ጀላሉ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ታክሲ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት መስኮት ከፈተች። ሙቀት ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም፤ ሪሐና ግን ወራጅ አለ ልትል አፏን ስትከፍት ጀላሉ ክንዷን ያዘ። ቁጭ በይ አላት። ቁጭ አለች። ከዚያ ሆስፒታሉ ድረስ ጣቶቿን ስታፍተለትል ሄደች።

ዶክተር እስከዳር ከሻሹ ስር ታስሮ ያደረውን ፋሻ ራሳቸው ፈቱት። ፋሻው ላይ መግሉ ደርቋል፤ በመግሉ መሃል ጥቁር ጥቁር ፍሬዎች ተጣብቀዋል። አንዲቱን በመርፌ ጫፍ አንስተው ቀጭን መስታወት ላይ አኖሯት፤ ጠብታ ጨመሩባት፤ ጥቂት ጠብቀው በማይክሮስኮፕ አዩ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ከዚያ ሪሐናን ጠርተው አንድ ዓይኗን እንድታስጠጋ አደረጉ። ምንም የሚገባ ነገር አልታያትም። ጀላሉ ተራውን ሲያይ ግን ወዲያው፣

«ክር ነው» አለ። «የተተበተበ ክር።»

«ልክ ነው» አሉ ዶክተሯ። «ፈንገስ ነው። ሻጋታ ማለት ነው፤ ክሩ የሻጋታው አካል ነው።»

ቁጭ ብለው አስረዷቸው። ይህ ዓይነቱ ሻጋታ አፈርና እሾህ ላይ ይኖራል። እሾህ ሲወጋ አብሮ ይገባና ከቆዳ ስር ቀስ ብሎ፣ በዓመታት፣ እየተሰባሰበ ያድጋል፤ ጥቁሯ ፍሬ ራሷ የሻጋታው ጥርቅም ናት። ነጭ ወይም ቢጫ ብትሆን ኖሮ በባክቴሪያም ሊመጣ ይችል ነበር፤ ጥቁር ከሆነች ግን ፈንገስ ነው። ማይሴቶማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያለ ጫማ በሚሄድ ሰው እግር ላይ ነው። ራስ ላይ ብርቅ ስለሆነ ሐኪም ቶሎ አያስበውም። የባክቴሪያ መድኃኒትና የሳንባ ነቀርሳ ክኒንም አይነኩትም። የመጀመሪያው ናሙና ከላይ ከላይ ስለተቆረጠ ፍሬዋ አልተገኘችበትም። አሁን ከጥልቅ ይወሰዳል፤ በላቦራቶሪ አድጎ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ይለያል፤ የራስ ቅሏ አጥንትም በሲቲ ስካን ይነሳል።

«ራስሽን እሾህ ወግቶሽ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቋት።

የለም አለች። ወዲያው ግን እጇ ወደ አናቷ ሄደ። እብጠቱ ከመውጣቱ ብዙ አስቀድሞ፣ ከሸለቆው ስትመለስ ጋቢናው ሞልቶ ከጭነቱ ላይ ወጥታ ነበር። ሹፌሩ ለመጪ መኪና ዳር ሲይዝ የግራር ቅርንጫፍ ጭነቱን ጠርጎ አለፈ፤ ሻሿን ገፎ አናቷን ቧጨረው። አብራት የነበረች ሴት እሾህ ነቀለችላት። በማግስቱ ገበያ ስለነበር ቆማ ሸጠች፤ ቁስሉም ደረቀ፤ ረሳችው። ምናልባት የእሾሁ ጫፍ ቀርቶ ይሆናል፣ ምናልባትም አይደለም አሉ ዶክተሯ፤ ይህን አሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ስም ካገኘ በኋላም ነገሩ አልቸኮለም። ፈንገሱ በላቦራቶሪ እስኪያድግ ሳምንታት ፈጀ። የሲቲ ስካኑ ውጤት ሲመጣ የራስ ቅሏ የውጭ ገጽ ጥቂት ተበልቷል፤ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቀም። ሪሐና ይህን ስትሰማ ዛሬውኑ ቆርጣችሁ አውጡልኝ አለች። አይሆንም፤ መጀመሪያ በመድኃኒት እየጠበበ፣ ዳሩ እየታወቀ መሄድ አለበት ተባለች። ለወራት ክኒን ዋጠች፤ ጉበቷን እንዳይጎዳ በየጊዜው ደሟ ታየ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከፋርማሲው ይጠፋል፤ ያኔ እሷ ከተማዋን በእግሯ ታስሳለች፤ ሲገኝ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። አንድ ጊዜ በመሃል መንገድ፣ ሙከጡሪ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያድር እሷ አስፓልቱን ስትመላለስበት ነው የነጋው።

በዚህ መሃል ወደ ዓለም ከተማ የተመለሰች ጊዜ ጠጄ ዘንድ ሄደች። ጠጄ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ ግቢም አላለቻት። ሪሐና ምንም ሳትናገር ጓዳዋ ዘልቃ ገባች፣ ሻሿን ፈታች፣ እንደ ድሮዋ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ጠጄ ከኋላዋ ሆና እብጠቱን አየችው።

«እኔ እኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ» አለች። «ምን አደረግኳት እያልኩ ነው የከረምኩት።»

ቀዶ ጥገናው የተሠራው እብጠቱ ከጠበበ በኋላ ነው። የተበከለውን ሥጋ አወጡ፤ የተበላውን አጥንት ፋቁ፤ ከጭኗ ቆዳ ወስደው አለበሱት። እንዳትንቀሳቀሺ የተባለችባቸው ቀናት ከሁሉ የከፉት ነበሩ። ጀላሉ ጎኗ ሆኖ ያወራላታል፤ ወሬ ሲያልቅበት የልብስ ዓይነት ይዘረዝርላታል። ቆዳው ያዘ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተዘጉ። ክኒኑ ግን ቀጠለ።

ዓመት አለፈ። በአንዱ ቀጠሮ ዶክተር እስከዳር አዲሱን ስካን አዩ፤ አጥንቱ ላይ የቀረች ጥላ አልሰፋችም፤ አልጠፋችም። ይመለሳል ወይ አለቻቸው። ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ ነው የምንከታተልሽ አሏት። ሪሐና ይህን መልስ አልወደደችውም፤ ቢሆንም ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ ዶክተሯ አንድ ነገር ለመኗት። የሚያስተምሯቸው ሐኪሞች አሉ፤ እንዲህ ዓይነት ራስ አይተው አያውቁም፤ ፈቃዷ ከሆነ ሴቶቹን ብቻ ላስገባ አሏት። ሪሐና ጀላሉን አየችው። አንቺ ነሽ የምታውቂው አላት።

ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣት ሴቶች ገብተው ከበቧት። ሻሿን ፈታች። ፀጉር የማያበቅለው፣ የሚያብረቀርቀው ጠባሳ ላይ ብዙ ዓይን አረፈ። ዶክተሯ ስለ ጥቁሯ ፍሬ ሲያስረዱ ሪሐና አቋረጠቻቸው፤ እኔ አጥቤው ነበር የምመጣው፣ ስለዚህ ጠይቁ፣ የሚያፍር ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም አለቻቸው። አንዷ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ሕመሙን እንዴት ቻልሽው ብላ ጠየቀቻት።

«አያምም እኮ» አለች ሪሐና። «ቢያመኝማ መቼ እስከዚያ እቆይ ነበር?»

ልጅቷ ይህን ጻፈች። ሌላዋ በጣቴ ልንካው ወይ አለች፤ ሪሐና ራሷን ዝቅ አደረገችላት። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር። ጥያቄው ግን አላለቀም፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም ይሮጣል። የዓለም ከተማ መኪና ከሄደ እዚሁ ማደር ነው። ሪሐና ሻሿን አንስታ እያሰረች ተነሳች፤ የቀረውን ዶክተር ይነግሯችኋል አለቻቸው፤ በሩን ከፍታ ወጣች። ጀላሉ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዞ፣ ጠብቂኝ እያለ ተከተላት።